የማያድር ጎመን

ባለቤቴ ካሮት መላጥ የተማረው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት የሚገባው ውሃ ሊጠጣ ወይም እኔን ሊነዘንዝ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም። እናቱ ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲቆም ማየት የማይወዱ ሴት ስለነበሩ፣ ከማጀት እየተባረረ ነው ያደገው። እኔም ከተጋባን ጀምሮ የእሳቸውን ሥራ ቀጠልኩበት። ወጥ ሠሪ ነኝ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከኦሊምፒክ ጎዳና ዝቅ ብሎ ካሉት በአንዱ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ እውላለሁ። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሌላ ሰው ድስቴን ሲነካካ ማየት አልፈልግም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአንገቴ ነው። ወጥ ቀምሼ ጥቂት ሳልቆይ አንገቴ ይቀላል። ከዚያ ደረቴና ክንዴ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ያሳክከኛል፣ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ራሴን ይወቅረኛል። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ "ምች ነው፤ ላብሽ ሳይደርቅ ከምድጃ ተነስተሽ ውጭ ትወጫለሽ" አሉኝ። ዳማከሴ ከየት እንዳገኙ እንጃ፣ በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ሽታው ደስ ይል ነበር፤ ማሳከኩ ግን ንቅንቅ አላለም። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዷ ሳሙናው ነው አለች፣ ሌላዋ ሐሳብ ነው አለች። እኔ ሁሉንም አምኜ ሁሉንም ሞከርኩ።

በመጨረሻ ዌስትውድ ያለች አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ባለቤቴ የሚነዳውን ታክሲ ፓርክ አድርጎ አብሮኝ ገባ። ያኔ ሰው መኪና በስልኩ መጥራት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር፣ ታክሲ ነጂ እንደ ድሮው አይጣደፍም ነበር። ኤርፖርት ተሰልፎ ከመዋል ከእኔ ጋር መዋል ይሻለኛል ብሎ መጣ። ሐኪሟ ብዙ መረመረች፣ ብዙ ጠየቀች፤ በተለይ የምበላውን እየደጋገመች ጠየቀችኝ። ከዚያ ሰውነቴ ሂስታሚን የሚባለውን ነገር በቅጡ ማስወገድ ሳያቅተው እንዳልቀረ ነገረችን። ሂስታሚን ሰውነት ውስጥም አለ፣ በምግብም ይገባል፤ በተለይ የቦካ፣ የቆየና ያደረ ምግብ ላይ ይበዛል። ለጥቂት ሳምንታት እነዚህን ሁሉ ትቼ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስን የሚያስቆጣኝን እንድንለይ ተስማማን።

ምን ምን እንደምተው ስጠይቃት የቦካ ነገር አለች፤ እንጀራ ሄደ። በርበሬና ቃሪያ አለች፤ ወጡ ሄደ። ቲማቲም፣ ስፒናች፣ አቮካዶ፣ ሎሚ፣ አቼቶ እያለች ቀጠለች። ምስሩና ሽሮውም ለጊዜው ይቆይ ስትል ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ፌርፋክስን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዘጋችብኝ ነበር። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ወደ ፊት ጠጋ ብሎ "ታዲያ ምን ትብላ?" ብሎ ጠየቃት። "አትክልት" አለች በደስታ፤ "አሁን ተሠርቶ አሁን የሚበላ ትኩስ አትክልት።" እሱ አትክልት የሚለውን ያዘ። እኔ ተናድጄ ስለነበር ምንም አልያዝኩም።

እኛ ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ማዕድ ስንል እሱና እኔ፣ አንድ ትሪ፣ አንድ እንጀራ ማለታችን ነው። ከተጋባን ጀምሮ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚያጎርሰኝ እሱ ነው። ጉርሻው ደግሞ ትልቅ ነው፤ የሰው አፍ ምን ያህል እንደሚይዝ ማንም ያልነገረው ይመስል፣ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ያመጣዋል። ስንጣላ እንኳ አስቀርቶብኝ አያውቅም። ተኳርፈን፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ፣ እጁን ብቻ ይልክልኛል። እኔም ሳላየው አፌን እከፍታለሁ። ብዙ እርቃችን የተፈጸመው እንደዚያ ነው።

ከሐኪሟ በተመለስን ማግስት የራሴን ምግብ በሳህን ይዤ ቀረብኩ። የተቀቀለ ዝኩኒ ነበር። ጨው እንኳ አላደረግኩበትም፤ ንዴቴን የተወጣሁት በዝኩኒው ነው። እሱ ከምግብ ቤቱ ያመጣሁለትን ምስር ወጥ እንጀራው ላይ ገለበጠ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። መንገድ ላይ ትዝ አለው። እጁ በሁለታችን መካከል ቆመ። ጉርሻውን ምን እንደሚያደርገው ቸገረው፤ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ አፍ መለሰው። ሲያኝክ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ዝኩኒዬን በሹካ መውጋት ቀጠልኩ።

ያንን እጅ እንደገና ለማየት አቅም አልነበረኝም። በማግስቱ ገና ከበር ሲገባ "እኔ በልቻለሁ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በልቻለሁ ሆነ። በላሁ የምለው እቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ፣ አንድ ሁለት ቁራጭ ካሮት ነው፤ አንዳንዴም ምንም። የዚያ ሁሉ ተመጋቢ ጨው የማስተካክል ሴት፣ ለራሴ ብቻ ድስት መጣድ ግን ምግብ መሥራት አይመስለኝም ነበር። ጥቂት ቆይቶ እሱም "እኔም ውጭ በልቻለሁ" ይል ጀመር። ታክሲው ወንበር ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ሳይ ምን እየበላ እንደሆነ ገባኝ። ትሪው ታጥቦ ፍሪጁ አናት ላይ ወጣ፤ እዚያው አቧራ ያዘው።

ቀሚሴ እየሰፋኝ መጣ። እሱ ግድ የለም፣ አስጠብበዋለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው። ሁለት ሰዓት ማዕድ ላይ ተቀምጠን ወሬያችን የማያልቅ ሰዎች፣ አሁን ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እንደ ደባል ሰላም እየተባባልን እናልፋለን። እሱን ማጣት የሚመጣው በሌላ ሴት ወይም በሞት ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ እንዲህ በእንጀራ ምክንያት ቀስ እያለ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተደርድሮ አገኘሁ። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል።

"ምንድነው ይሄ?" አልኩት።

"አትክልት ነዋ። ፋርመርስ ማርኬት ሄጄ ነው፤ ፍሬሽ ነው።"

"ማን ሊሠራው?"

"እኔ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዣለሽ፣ እኔ እሠራለሁ። ኦኬ?" ከዚያ ሽንኩርቱን አንስቶ አገላበጠና "ሶ፣ ይሄ ከየት በኩል ነው የሚላጠው?" አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ተነስቼ ቢላውን እንዳልነጥቀው እጄን ጭኔ ሥር ከተትኩት። ሽንኩርቱ አስለቀሰው፤ እሱ ግን ማልቀሱን ለመደበቅ ጀርባውን ሰጠኝ። ካሮቱን ሲልጥ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ። ጎመኑ አንዱ ቁራጭ እንደ ክር፣ ሌላው እንደ መዳፍ ሆነ።

"ካሮት ነው የምትልጠው ወይስ እርሳስ የምትቀርጸው?" አልኩት።

"ዝም በይ፤ በሽተኛ ነሽ።"

ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ እንዲያለሳልስ፣ ከዚያ የወይራ ዘይት እንዲጨምር፣ ነጭ ሽንኩርቱን እንዳያሳርር፣ እርዱን በቢላ ጫፍ ብቻ እንዲያደርግ ነገርኩት። ካሮቱ ቀድሞ፣ ጎመኑ ተከትሎ ገባ። በእኛ ወግ ጎመን እስኪልም ይበስላል፤ እሱ ግን ትዕግሥት ስለሌለው እሳቱን ቶሎ አጠፋው። ካሮቱ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ልወርድበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጣፋጭ ነበር። ካሮት በራሱ ጣፋጭ ነው ለካ፤ ያን ሁሉ ዓመት ከበርበሬና ከቁሌት ሥር ስደብቀው ኖሬ አላውቀውም። ሳህኔን ጠርጌ በላሁ። እሱ ማማሰያውን እንደያዘ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ስበላ አየኝ። ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል፤ ያን ቀን ሁለቱም ቀልተው ነበር።

ደስታው ግን መዘዝ አመጣ። በማግስቱ እኔ ሥራ ስውል፣ የበዓል ዶሮ የምሠራበትን ትልቁን ድስት አወረደና ጎመን በካሮት ሞላው። አልፈርድበትም። እኛ ለሁለት ሰው ብለን ሠርተን አናውቅም፤ ድስት ሲጎድል ቤቱ የጎደለ ይመስለናል፣ እንግዳ ቢመጣስ እንላለን። በዚያ ላይ ያደረ ወጥ ከትኩሱ ይበልጥ እንደሚጥም የማያምን ሐበሻ አላውቅም። እኔ ራሴ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቀዩን ወጥ ዛሬ ሠርቼ ለነገ ነው የማወጣው። እና ድስቱ ተከድኖ ምድጃው ላይ አደረ። ጠዋት በዕቃ ጨለፍኩና እየተኩራራሁ ሥራ ይዤ ሄድኩ። ባሌ ነው የሠራው እያልኩ ለሁሉም አሳየሁ፣ ምሳ ላይ በላሁት።

ብዙም አልቆየ። አንገቴ ጋየ፣ የዓይኔ ቆብ እስኪከደን አበጠ፣ ከንፈሬ ወፈረ። እትዬ አዩኝና ማማሰያውን ከእጄ ወሰዱ። "ሂጂ ቤትሽ። ወጡን እኔ አወጣዋለሁ" አሉ፤ ለባለቤቴም እሳቸው ደወሉለት። መጥቶ መኪና ውስጥ ሲያስገባኝ ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

"ምን በላሽ?"

"ያንተን ጎመን።"

ቤት አደረሰኝ። ሐኪሟ የሰጠችኝን ክኒን ውጬ ጋደም ስል፣ አልጋው ግርጌ ተቀምጦ እጁን እያየ፣ "ሁለተኛ ኪችን አልገባም" አለ። እውነት ለመናገር ከማሳከኩ ይበልጥ ይሄ አመመኝ። የማይገባ ከሆነ ወደዚያ ወደ በልቻለሁ ልንመለስ ነው። ስለዚህ ቀና ብዬ፣ ባበጠ ዓይኔ፣ ያለውን እውነት ነገርኩት።

"አንተ ካልሠራህ አልበላም። ብቻዬን መብላት አልችልበትም። እነዚያን ቀናት በልቻለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው።"

"አውቃለሁ" አለኝ፤ "የኔም ውሸት ነበር።" ከዚያ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘኝ፣ ክኒኑ እስኪሠራ ድረስም አልለቀቀኝም።

ሲነጋ ሐኪሟ ቢሮ ደወለ። ነርሷ ያስረዳችውን ሲነግረኝ ሁለታችንም በራሳችን ሳቅን። ጎመኑ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ማደሩ ነው። ሐኪሟ አሁን ተሠርቶ አሁን የሚበላ ያለችው ይሄንኑ ነበር። ያደረ ሲባል እኛ የመሰለን ሥጋ ነው፤ አትክልት ደግሞ ምን ያድራል ብለን። የዕድሜ ልክ ወጥ ሠሪዋም፣ የዕድሜ ልክ በላተኛውም እኩል ተሳሳትን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አዲስ ወግ ገባ። ከመደብሩ ሁሉ ትንሿን ድስት ገዛ። እትዬ ሊጠይቁኝ መጥተው ምድጃው ላይ ሲያዩዋት "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ መጫወቻ ናት?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱ በየቀኑ ገበያ ሄዶ አንድ ዝኩኒ፣ አንድ ካሮት ይገዛል። ሽንኩርት በጆንያ ሲጭን ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሻጯ "ይኸው ነው?" ስትለው እንደሚያፍር ራሱ ነግሮኛል። ቢያፍርም ግን አንድም ቀን ሁለት ካሮት ይዞ አልመጣም።

እጁም እያደር ተገራ። ዝኩኒውን ወፈር አድርጎ ቆርጦ መጥበሻው ላይ ያገላብጠዋል፤ ውሃ እንዳያወጣ ጨዉን መጨረሻ ላይ ይነሰንስበታል። አበባ ጎመኑን ዘይት ቀብቶ ጫፉ ቡናማ እስኪሆን ኦቨን ውስጥ ይተወዋል። ስኳር ድንቹን ከትንሽ ዝንጅብል ጋር ይሠራዋል። ቀይ ሥር ላይ ግን ተሸነፍን፤ ያለ ሎሚ አፈር አፈር አለኝ።

"ምን ጎደለው?" አለኝ።

"ኮምጠጥ የሚል ነገር።"

ራሱም ቀምሶ "እንጀራው ነዋ የጠፋብሽ" አለ። ልክ ነበር፤ ያልቦካ ነገር ብቻ ስበላ ምላሴ ሥራ የፈታ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አረንጓዴ አፕል ገዝቶ መጣ፤ ሐኪሟን ጠይቆ ነው፣ ይቻላል ብላዋለች። በመፈግፈጊያ ፈግፍጎ የተቀቀለው ቀይ ሥር ላይ ጨመረው። ስቀምሰው መንጋጋዬ ሥር ያ የማውቀው ቁንጥጫ ተሰማኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ ቆየሁ።

ምግብ ቤትም ወጡን የሚቀምሱልኝ ሌሎቹ ሆኑ። ሽፍታው ሄደ፣ ቀሚሴም ተመለሰልኝ። አብረን መቀመጥም ጀመርን። እሱ እንጀራ ቤት ማስገባት ትቶ ሌላ ሳህን ይዞ ከእኔው ይበላል፤ ሲርበው ውጭ እንደሚሞላ አውቃለሁ፣ አልጠየቅኩትም። ግን ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ ነው። ቂጣ የት ሄዶ የሚለኝ ይኖራል። ጋግሬያለሁ፤ ያልቦካ የጤፍ ቂጣ ለመብላት አይከፋም፣ ለመጠቅለል ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ ሊያጎርሰኝ ሞክሮ ሸሚዙ ላይ ተፈረካከሰ። ፍርፋሪውን አራግፎ ሹካውን አነሳ። ስለ ጉርሻ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።

አንድ የእረፍት ቀኔ ከሰዓት በኋላ እሱ ሲሠራ እኔ እንደ ልማዴ ወንበሬ ላይ ሆኜ እተቻለሁ። ሌላውን አትክልት አብስሎ ከጨረሰ በኋላ ጎመኑን ለመክተፍ እንዲቀለው ቅጠል በቅጠል እየነቀለ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። በርባንክ ኤርፖርት ድረስ ሁልጊዜ የሚያደርሳቸው ደንበኛ ነበሩ፤ ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ፣ የለም ቀደም ብለው ይውጡ ሲባባሉ ጎመኑ ተረሳ። እኔም ሳላየው ቆየሁ።

"ጎመኑን ገደልከው" አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

አንዱን ቅጠል በሹካ አወጣው። ሰፊ፣ ልስልስ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ እጁ ላይ ተዘረጋ። ሊጥለው ነው ስል ዝም ብሎ ያየዋል። አንድ ጊዜ አጠፈው፤ አልተቀደደም። ፎጣ ላይ አሳረፈው፣ ሌሎቹንም አወጣቸው፣ የመሀሉን ወፍራም አጥንት በቢላ እየቀረጸ ጣለ። ከዚያ እጁን ወደ ፍሪጁ አናት ሰደደ።

ትሪውን አወረደው። አቧራውን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቅጠሎቹን አንዱን በሌላው ጫፍ ላይ እየደራረበ የትሪው ወለል እስኪሸፈን አነጠፈ። ዝኩኒውን በአንድ በኩል፣ አበባ ጎመኑን በሌላው፣ ካሮቱን ከፊቴ፣ ቀይ ሥሩን መሀል ላይ አደረገው። የምግብ ቤቴን በያይነቱ መሰለ። እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄያለሁ።

"ሹካ አላመጣህም" አልኩት።

"እጅሽን ታጠቢ" አለኝ።

ታጥቤ ተቀመጥኩ። ከጎመኑ ጫፍ ቆረሰ፤ ከዝኩኒውም፣ ከካሮቱም፣ ከቀይ ሥሩም ሰብስቦ ጠቀለለው፣ አሁንም ጨመረና ጠቀለለው። ከዚያ እጁ መጣ፣ በመካከላችን ሳይቆም መጣ። እንደ ድሮው ትልቅ ነበር፣ የቀይ ሥሩ ውሃ እስከ አንጓው ይወርዳል። አፌ ሞልቶ መናገር ስላልቻልኩ አለቀስኩ።

"በዛ?" አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልበዛም። እስክውጥ ጠበቀኝና ሁለተኛውን ጠቀለለ። ከዚያ ተራዬ ሆነ፤ እኔም ቆርሼ አጎረስኩት፣ ጆሮው ቀላ። የቀረችውን ቅጠል ለሁለት ከፈልናት። ስንነሳ ትሪው ላይ የሚያድር ነገር አልነበረም።